ኮሞንዶር ወይስ ኩቫስ? ውሻን ከጠጉሩ በፊት በሥራው ስለ መምረጥ

ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ያምራል?» የሚለው ነው። ቀጥሎ ዋጋው ይጠየቃል። «ይህ እንስሳ በብዙ መቶ ዓመታት የሰው ምርጫ የተቀረጸው ለምን ሥራ ነው? ያ ሥራስ በእኛ ቤት አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን፣ ከተነሣም የሚነሣው፣ ቡችላው ሃምሳ ኪሎ ከሞላና አንድ እንግዳ በር ላይ ካስቀረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መልሱ ለቤተሰቡም ለእንግዳውም እምብዛም አይጠቅምም፤ ለውሻው ደግሞ ጨርሶ አይጠቅምም።

ጉዳዩን በወጉ ለመመርመር በምሳሌነት የመረጥናቸው ሁለት የሀንጋሪ ውሾች ናቸው፤ ኮሞንዶርና ኩቫስ። ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በነጩ ጠጉር ሥር ያለው ቆዳቸው ግን ጠቆር ያለ ነው። ሁለቱም ግዙፍ ናቸው፤ በዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን መለኪያ መሠረት የወንድ ኮሞንዶር ክብደት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም፣ የወንድ ኩቫስ ደግሞ ከ48 እስከ 62 ኪሎ ግራም ነው። በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ቁጥራቸው እንኳ ጎን ለጎን ነው፤ ኮሞንዶር 53፣ ኩቫስ 54። ፎቶግራፎቻቸውን አስተያይቶ «ልዩነቱ የጠጉር ብቻ ነው» የሚል ሰው አይፈረድበትም። የዚህ ጸሐፊ አቋም ግን ጠጉሩ መታየት ያለበት ከሥራው፣ ከቤቱ አኗኗርና ከዘር ሐረጉ በኋላ ነው የሚል ነው።

ነጂና ጠባቂ

በአማርኛ «የእረኛ ውሻ» ስንል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሠራተኞችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው መንጋ የሚነዳው ነው፤ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ የተገኘው ቦርደር ኮሊ ለዚህ ይጠቀሳል። ሁለተኛው መንጋን ከአውሬና ከሌባ የሚጠብቀው ነው፤ ኮሞንዶርና ኩቫስ ከዚህ ወገን ናቸው። ልዩነቱን አጉልተው ካስረዱት ተመራማሪዎች መካከል አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር ይገኙበታል። እነርሱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማሳቹሴትስ በሚገኘው ሃምፕሻየር ኮሌጅ ሆነው፣ ከአውሮፓና ከቱርክ የመጡ ጠባቂ ውሾችን ለበግ አርቢዎች እየሰጡ ጠባያቸውን ተከታትለዋል።

ተኩላ ሲያድን የሚያደርጋቸው ድርጊቶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ትኩር ብሎ ያያል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። በነጂው ውሻ የሰንሰለቱ መጀመሪያ ጎልቶ መጨረሻው ተገትቷል፤ በዓይኑ ብቻ በጉን ያስደነግጣል፣ ወደሚፈለግበትም ይመልሰዋል፣ ግን አይበላውም። በጠባቂው ውሻ ግን ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የላላ ነው። በግ ሲሮጥ ቢያይ አብሮ አይሮጥም። በመንጋው መካከል ተጋድሞ ያንቀላፋል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ከበጎቹ አንዱ ሊመስለው ይችላል። የተኩላው ሰንሰለት ላላ ማለት ግን ውሻው ገራም ሆነ ማለት አይደለም። እንደራሱ ወገን የሚቆጥረውን ከሌላው የመከላከል ጠባዩ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም የተመረጠው ለዚህ ነው።

ከዚህ ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ይከተላል። ነጂው ውሻ ከእረኛው ዓይንና ፉጨት አይለይም። ጠባቂው ግን የሚሠራው እረኛው በተኛበት፣ አንዳንዴም ጭራሽ በሌለበት ሰዓት ነው። ተኩላ ሲመጣ «ልነሣ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ውሻ ጠዋት የሚቆጠር በግ አያተርፍም። ስለዚህ በብዙ ትውልድ ተጣርቶ የመጣው ጠባይ ታዛዥነት ሳይሆን በራስ መወሰን ነው። ኮሞንዶርን «ና!» ብለው ሲጠሩት ቀና ብሎ አይቶ፣ ነገሩን መዝኖ፣ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። አልገባውም ማለት አይደለም፤ ሰምቶ አልተስማማም። ይህን ጠባይ በሥልጠና ማለዘብ ይቻላል፤ ማጥፋት ግን አይቻልም፣ ማጥፋት ከተፈለገም ሌላ ዝርያ መምረጥ ይሻል ነበር።

ከሜዳና ከቤተ መንግሥት

የኮሞንዶር ታሪክ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከምሥራቅ ሜዳዎች ወደ ሀንጋሪ ከገቡት የኩማን አርብቶ አደሮች ጋር ይያያዛል፤ ስሙም ከእነርሱ ስም የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ኩቫስ ደግሞ ከመንጋ ጥበቃ አልፎ የመኳንንት ግቢ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1458 እስከ 1490 የነገሠው ማትያስ ኮርቪኑስ ኩቫሶችን ለአደንና ለጥበቃ ያኖር እንደነበር ይነገራል። ይህ የታሪክ ልዩነት ተረት ብቻ አይመስለኝም። ኮሞንዶር ሰው ከማይበዛበት ሜዳ የመጣ ሲሆን፣ ኩቫስ ለረጅም ጊዜ ከሰው ደጃፍ አልራቀም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱንም ዝርያዎች ከመጥፋት አፋፍ አድርሷቸው ነበር። የጌታውን ደጃፍ የሚከላከል ትልቅ ነጭ ውሻ ለወታደር ጥይት ቀላል ዒላማ ነው፤ የተረፉትንም የሚቀልባቸው አልነበረም። ዛሬ ያሉት ውሾች በአብዛኛው የጥቂት ተራፊዎች ዘር ናቸው። የሀንጋሪ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2004 የሀገሪቱን ነባር የቤት እንስሳት ዝርያዎች፣ እነዚህን ውሾች ጨምሮ፣ የብሔር ሀብት ብሎ ሲያውጅ ከጀርባው ይህ የመጥፋት ሥጋት ነበር። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን፤ ለገዢው ከሁሉ ይልቅ ውድ የሚያስከፍለው ምናልባት ይኸው ነውና።

ስለ ጠጉሩ፣ በአጭሩ

እ.ኤ.አ. በ2009 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ80 ዝርያዎች የተውጣጡ ከ1,000 በላይ ውሾችን መርምሮ፣ በመልክ እጅግ የሚለያየው የውሻ ጠጉር በአብዛኛው በሦስት ዘረመሎች ልዩነት እንደሚወሰን አሳይቷል። አንዱ ርዝመቱን፣ አንዱ ጢምና ቅንድቡን፣ አንዱ መጠምዘዙን የሚመለከት ነው። ኮሞንዶር የሚወለደው ለስላሳና ጥቅልል ያለ ጠጉር ይዞ ነው። እያደገ ሲሄድ ሻካራው የላይኛው ጠጉር ለስላሳውን የውስጥ ጠጉር እየያዘ ይገመዳል፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውሻው ከአናቱ እስከ እግሩ ገመድ የለበሰ ይመስላል። ገመዱ ከብርድም ከተኩላ ጥርስም ይከላከላል። ነገር ግን በራሱ አያምርም። ገመዶቹ ወደ ሥራቸው ተጣብቀው አንድ ወፍራም ምንጣፍ እንዳይሆኑ በየጊዜው በእጅ መለያየት አለባቸው። ማበጠሪያ አይነካቸውም። ውሻው ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በደንብ ካልደረቀም ይሸታል፣ ቆዳውም ይታመማል። ሐምሌና ነሐሴን በጭቃ ለሚያሳልፍ ግቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። ጠጉሩን በአጭሩ መሸለት ይቻላል፤ ብዙ አርቢዎችም ይሸልታሉ፤ ነገር ግን ኮሞንዶሩን ለገመዱ ብሎ የገዛ ሰው ምን ይቀረዋል?

ኩቫስ በዚህ ረገድ ቀላል ነው። ጠጉሩ ሞገድ ያለውና ቆሻሻን በቶሎ የሚያራግፍ ሆኖ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ቢበጠር ይበቃዋል። በምትኩ ይረግፋል፤ በወቅቱ ደግሞ በብዛት ይረግፋል። ነጭ ጋቢ ለብሶ የሚውል አባወራ ብዙም ላያስተውለው ይችላል፤ ጥቁር ካፖርት ያለው ግን በየዕለቱ ያስታውሰዋል።

ጠባይና ማስረጃው

ሁለቱን ውሾች የሚያውቁ ሰዎች የሚሰጡት ሥዕል በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው። ኮሞንዶር ቀን ቀን እርጋታው ከስንፍና የሚቆጠር፣ ሲነሣ ግን ማስጠንቀቂያው አጭር የሆነ ውሻ ነው። ኩቫስ ቀለል ብሎ የሚንቀሳቀስ፣ ግቢውን ሲዞር የሚያመሽ፣ በቶሎ የሚጮህና ስሜቱ ስስ የሆነ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር ጥብቅ ነው፣ ቁጣ ሲበዛበትም ይከፋዋል። ለእኔ የኩቫስ መጮህ እንከን ሳይሆን ጥቅም ነው። የሚጮህ ውሻ ለባለቤቱም ለመጪውም ጊዜ ይሰጣል።

ማስረጃ ሲፈለግ ወደ አሜሪካ አይዳሆ መሄድ ያስፈልጋል። በዱቦይስ ከተማ በሚገኘው የበግ ምርምር ጣቢያ ጄፍሪ ግሪንና ሮጀር ውድረፍ በ1980ዎቹ ከበግ አርቢዎች መረጃ ሰብስበው የተለያዩ ጠባቂ ዝርያዎችን አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ውጤት፣ መንጋን ከአውሬ በማዳን ረገድ በዝርያዎቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ሰውን በመንከስ ረገድ ግን ኮሞንዶሮች ግሬት ፒረኒስ ከተባለው የፈረንሳይና የስፔን ተራሮች ውሻ በልጠው ተገኝተዋል። ይህ ውጤት የሚናገረው ስለ ኮሞንዶርና ስለ ፒረኒስ እንጂ ስለ ኩቫስ አይደለም፤ ስለዚህ ያለ ልኩ ልንለጥጠው አይገባም። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ያስጨብጣል። በሥራው እኩል ውጤታማ የሆኑ ውሾች በሰው ላይ በሚያደርሱት አደጋ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቤተሰብን የሚመለከተው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው «ሳይንስ» መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የሚመለከት የባለቤቶች መጠይቅና የ2,155 ውሾችን የዲ ኤን ኤ ንባብ አጣምሮ፣ በግለሰብ ውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። «እንግዲያው ስለ ዝርያ መከራከሩ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥናቱ ከባድ ጥናት ነው፤ «ይህ ዝርያ ጨካኝ ነው፣ ያ ዝርያ የዋህ ነው» እያሉ በደፈናው መፈረጅን በሚገባ አፍርሷል። ነገር ግን ያው ጥናት ከመረመራቸው ጠባዮች ሁሉ በዝርያ ይበልጥ የሚለያየው ለሰው ትእዛዝ የመመለስ ዝንባሌ መሆኑንም አሳይቷል፤ የእኛ ክርክር የቆመውም በዚሁ ላይ ነው። በተጨማሪም 9 በመቶ ስለ ጠባይ እንጂ ስለ ክብደት አይናገርም። የስምንት ኪሎ ውሻ ስሕተት የተቀደደ ሱሪ ነው። የሃምሳ አምስት ኪሎ ውሻ ተመሳሳይ ስሕተት ሆስፒታል ያደርሳል።

ከዚህ ጥናት የምንወስደው ተግባራዊ ምክር አለ። ከዝርያው ስም ይልቅ የቡችላውን እናትና፣ ከተቻለ፣ አባቱን በዓይን ማየት ብዙ ያስተምራል። እናቲቱን «ዛሬ አይመችም» እያለ የማያሳይ ሻጭ ቡችላው የቱን ያህል ቢያምር ይቅርብን።

የጊዜ መስኮቱና የእኛ ግቢ

ጆን ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሀርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ለዓመታት ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከዋና ዋና ግኝቶቻቸው አንዱ፣ ቡችላ «ወገኔ ማን ነው?» የሚለውን የሚማርበት ጊዜ በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው መሆኑ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1961 በታተመ ሙከራ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን በወጉ ሊለምዱ አልቻሉም። ጠባቂ ውሻ ከበግ ጋር የሚቆራኘውም በዚሁ መስኮት ነው፤ በበረት ያደገ ቡችላ በጎችን ወገኖቼ ይላል። በሳሎን ያደገ ደግሞ ቤተሰቡን መንጋዬ ይላል፤ ከቤተሰቡ ውጭ ያለውን ሁሉ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ቡችላ ወደ ገዢው ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በስምንተኛው ሳምንት ስለሆነ፣ ለባለቤቱ የሚቀረው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ቡችላው ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው፣ ነጠላ ያጣፋ ሰው፣ ሸክም የተሸከመ ሰው ማየትና መልመድ አለበት። ይህን ያልተለማመደ ኩቫስ ችግር ነው፤ ያልተለማመደ ኮሞንዶር ግን የባሰ ችግር ነው፤ ጠጉሩ ዓይኑን ስለሚሸፍነውና ፊቱ ስለማይነበብ እንግዳ ሰው የውሻውን ሐሳብ ሊያውቅበት የሚችልበት ምልክት እንኳ ጥቂት ነው።

በሀንጋሪ ሜዳ ላይ ያለ የእርሻ ቤት በሳምንት ስንት እንግዳ ይገባበታል? የአዲስ አበባን ወይም የባሕር ዳርን ግቢ ግን እናስበው። ጠዋት የቡና ጎረቤት ትመጣለች። ቆጣሪ የሚያነብ ይመጣል። የዕድር ጥሩንባ ነፊ ያንኳኳል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ሳያስታውቅ ይደርሳል፣ ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ለጥምቀትና ለገና ግቢው በልጆች ይሞላል። ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ውሻው አይቷቸው የማያውቅ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጮኹና ደረታቸውን እየደቁ ይገባሉ፤ የቤቱ ሰዎችም ያለቅሳሉ። በጠባቂ ውሻ አእምሮ ይህ ከጥቃት በምን ይለያል? መንጋው ሲጮህ ያያል፣ እንግዳ ሲከበው ያያል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመረጠው ደግሞ በዚህ ጊዜ ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲነሣ ነው።

«ቀን አስረነው ሌሊት እንፈታዋለን» የሚለው የተለመደ መፍትሔ ለእነዚህ ዝርያዎች መፍትሔ አይደለም። የታሰረ ውሻ ከሚያስፈራው ነገር መራቅ አይችልም፤ የቀረው ምርጫ መጋፈጥ ብቻ ነው። ዞሮ መጠበቅ በደሙ ያለ እንስሳ ለአሥር ዓመት በሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ መኖሩም እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

ሰባት ቤት መቁጠር

አሁን ቀደም ሲል ወደ ተውነው የዘር ጉዳይ እንመለስ። በሀገራችን ብዙ አካባቢዎች ለጋብቻ የተፈላለጉ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ይቆጥራሉ። ብርቅ የውሻ ዝርያ ውስጥ ሰባት ቤት መቁጠር ቀርቶ ሦስት ቤት መራቅም አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። በሕዝብ ዘረመል ጥናት «ማነቆ» የሚባለው ይህ ነው፤ ብዙ የነበረ ሕዝብ በጦርነት ወይም በበሽታ ወደ ጥቂት ተራፊዎች ይወርዳል፣ በኋላ ቁጥሩ ቢያገግምም የዘረመል ስብጥሩ አብሮ አያገግምም።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ዝርያ በአንድ ሀገር 100 እናቶችና፣ በየትርዒቱ የሚያሸንፉ 5 ወንዶች ብቻ እያራቡት ነው እንበል። የተመዘገቡት ወላጆች 105 ናቸው። ለዘረመል ስብጥር የሚታሰበው ውጤታማ ብዛት ግን በታወቀው ቀመር መሠረት የወንዶችና የሴቶች ቁጥር ብዜት በአራት ተባዝቶ ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 2,000 ለ105 ሲካፈል 19 ገደማ። ሕዝቡ 105 ሳይሆን 19 እንደሆነ ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ሕዝብ ውስጥ የዘመዳምነት መጠን በየትውልዱ በ2.6 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ በሦስት ትውልድ ከ7 በመቶ ያልፋል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአጎት ልጆች ተጋብተው ቢወልዱ በልጃቸው ላይ የሚታሰበው መጠን 6.25 በመቶ ነው። ማለትም በምሳሌያችን፣ ማንም ሆን ብሎ ዘመድ ከዘመድ ሳያዳቅል፣ ሽልማት ያገኙ ጥቂት ወንዶችን በመደጋገም ብቻ አማካዩ ቡችላ ከአጎት ልጆች ጋብቻ የባሰ ዘመዳምነት ይዞ ይወለዳል።

ጉዳቱ የሚታየው አንድ ብልሹ የዘረመል ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ነው። በኩቫስ ዘንድ የታወቀ አንድ የዓይን በሽታ በዚህ መንገድ ይወረሳል፤ የዓይን ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ውሻው መጀመሪያ በጨለማ፣ በኋላም በቀን ማየት ይሳነዋል። ለሌሊት ጠባቂ ከዚህ የከፋ ዕጣ የለም። ደግነቱ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ይለያል። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ውሻ ግን አይታመምም፤ ከንጹሕ ውሻ ጋር ቢዳቀል የታመመ ቡችላ አይወልድም። ስለዚህ በትንሽ ሕዝብ ውስጥ ተሸካሚዎችን ሁሉ ከእርባታ የሚያስወጣ አርቢ አንዱን በሽታ ሸሽቶ ማነቆውን ያጠብቃል። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ሻጭ ሥራውን የሚያውቅ ነው።

የሁለቱም ዝርያዎች የጋራ ሥጋት የዳሌ መገጣጠሚያ አለመግጠምና የጨጓራ መነፋት ናቸው። የመጀመሪያው በወላጆቹ የራጅ ምርመራ ውጤት አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። ሁለተኛው ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ትላልቅ ውሾች ላይ በድንገት የሚመጣ ነው፤ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሲጠማዘዝ ውሻው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይሞታል። ውሻ ከመግዛት በፊት «በአቅራቢያችን እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ታዲያ የቱ?

ከሁለቱ አንዱን የግድ ምረጥ ብባል ለቤተሰብ የምመርጠው ኩቫስን ነው። የጠጉሩ ሥራ ቀላል ነው፤ ፊቱ ይነበባል፤ ሐሳቡን በጩኸት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ከሰው ደጃፍ ጋር ያለው ትውውቅም የቆየ ነው። ሆኖም ይህ ምርጫ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ሰፊና በወጉ የታጠረ ቦታ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውል ዐዋቂ ሰው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ውሻውን ከሰው ጋር ለማለማመድ የቆረጠ ባለቤት። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ወገናችን ይህን ሊያሟላ ይችል ይሆናል። ኮሞንዶርን የምመክረው በግ ወይም ፍየል ላለው፣ እንግዳ ለማይበዛበት፣ ትንንሽ ልጆች ለሌሉበት የእርሻ ቤት ነው፤ እዚያ ከሆነ ድንቅ ሠራተኛ ነው፣ ገመዱንም ይሸልቱት።

ለከተማ ግቢያችን ግን ሁለቱንም አልመክርም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ ይህን ስል ከባዕድ ነገር ጥላቻ ተነሥቼ አይደለም፤ ከአፍሪካ የተገኘ ማስረጃ ስላለ ነው። በናሚቢያ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ጠባቂ ውሾችን ለአርቢዎች ሲያድል ቆይቶ መልካም ውጤት አስገኝቷል። በጎረቤት ቦትስዋና ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የሀገሬውን የትስዋና ውሾች ከውጭ ከመጡት ጠባቂ ዝርያዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ለዚያ ሀገር አየርና ለአርቢው ኪስ የሀገሬው ውሾች ይበልጥ ተስማሚ ሆነው አግኝቷቸዋል። በ2009 ከግብጽ፣ ከኡጋንዳና ከናሚቢያ የመንደር ውሾች በተወሰደ የዘረመል ናሙና ላይ የታተመ ሥራም እነዚህ «ተራ» የሚባሉ ውሾች ሰፊ ስብጥር እንዳላቸው አሳይቷል። በማነቆ ያላለፈ ሀብት ማለት ይህ ነው። በደጋው እረኞቻችን ዘንድ ከመንጋ ጋር የሚውሉት ውሾችም በዚህ ዓይን ቢጠኑ ለሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎቻችን የሚያስደስት የምርምር ርእስ ይሆናሉ፤ ለጊዜው ግን ስም የላቸውም፣ መዝገብም የላቸውም።

ይህን ሁሉ አንብቦ ልቡ በኮሞንዶር ወይም በኩቫስ ላይ የቀረ አንባቢ ከመክፈሉ በፊት ከሻጩ አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ። የሁለቱን ወላጆች የዳሌ ራጅ ውጤት፤ ለኩቫስ ከሆነ የዓይን በሽታውን የዲ ኤን ኤ ምርመራ፤ ቢያንስ የአምስት ትውልድ የዘር ሐረግ፣ በውስጡም የተደጋገሙ ስሞች ካሉ ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ፤ ቡችላው ቤተሰቡን ቢያስቸግር ሻጩ መልሶ የሚቀበል መሆኑን የሚገልጽ ውል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትማ ዝርያ ሳይለይ የሁሉም ግዴታ ነው፤ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው በሽታ ከቤት ውሾች የተላለፈ ነበር። አራተኛውን ወረቀት ለመፈረም የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ ድርድሩን እዚያው ማቆም ይሻላል።